ለሰኞ ሲባል የቆየው ኮርማ

ለውድ ወንድሜ ለሙሳ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሙሳዬ እንዴት ነህ? ነጋ ነህ ወይ፣ ሰላም ነህ? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ እንቅልፍህስ? ያ ወገቤን ያዘኝ ያልከው ለቀቀህ? አብሮህ የሚኖረው የአጎታችን ልጅ ሙሀመድኑርስ ደህና ነው? እኛ አልሐምዱ ሊላህ በሕይወት አለን። ኢዱን ከእናታችን ጋር አሳለፍን። አንተን እያነሳች አንዴ ስትስቅ አንዴ ስታለቅስ ዋለች።

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውናል። «አብዶ ለምን አይጽፍልኝም፣ ተቀየመኝ እንዴ?» ብለሃል። ባሌ አልተቀየመህም። ቀኝ ክንዱ ተሰብሮ ወጌሻ አስሮለታል፤ ስለዚህ በእህትህ በዘሊካ የስድስተኛ ክፍል ጽሕፈት ታገሥ። ከዚህ የመጣ ሰው «አብዶ ሰው አስገደለ» ብሎህም ይሆናል። ውሸት ነው፤ ግን ለእውነት ትንሽ ነበር የቀረው። ሌላ ሰው ጨማምሮ ከሚያስደነግጥህ እኔው እንደሆነው ልንገርህ።

ዳማ ያልነውን ቀይ ኮርማ ታስታውሰዋለህ፤ አንተ ስትሄድ ጥጃ ነበር። የጨፋን ሣር በልቶ አንገቱ እንደ ግንድ ወፈረ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ክፉ ዓመል አወጣ። አጥር ጣሰ፣ ላም ወጋ፣ የጎረቤታችንን የአያ ሙህዲንን ውሻ ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ገደለው። አያ ሙህዲን ያን ቀን መጥቶ «አብዶ፣ ዛሬ ውሻ ነው። ሰው ሳይበላ ወይ አኮላሸው ወይ ሽጠው» አለው። አብዶም «ልክ ነህ፤ የፊታችን ሰኞ ባቲ ገበያ አወጣዋለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብሎ ሸኘው።

ሰኞ ደረሰ፣ ዝናብ ጣለ። ሌላው ሰኞ ሠርግ ተጠራን። ከዚያ «ትንሽ የማሽላ ቅጠል ይብላና ይወፍር» ተባለ፤ ከዚያ ለቅሶ፣ ከዚያ ደግሞ ምን እንደሆነ እንጃ። አብዶ ሰነፍ አይደለም፤ ሲያርስ አይተኸዋል። የከበደውን ነገር ግን ለነገ ይገፋል። ኮርማውን በእጁ ጨው እያላሰ ነው ያሳደገው፤ መለየቱ ጨነቀው። እኔ ስነዘንዘው «ሴትዮ፣ ኮርማው የትም አይሄድም» ይለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ማሽላ በሚቆረጥበት ሰሞን፣ ከቀትር በኋላ ቦርከና ወንዝ ዳር ልብስ ሳጥብ አያ ሙህዲን በሬዎቹን ሊያጠጣ ወረደ። ዳማ ጠፍሩን በጥሶ መጣና አንዱን በሬ ገጠመው። አያ ሙህዲን ሊያላቅቅ በዱላ ፊቱን መታው። ኮርማው በሬውን ትቶ ወደ ሰውየው ዞረ። ሙሳ፣ እንዲህ ያለ ነገር ዓይንህ አይይ። ቀንዱን ከጎድኑ ሥር ሰክቶ ወደ ላይ ወረወረው። ሲወድቅም አልተወውም፤ ተንበርክኮበት ጭኑን ዘነጠለው፣ በአሸዋው ላይ ጎተተው። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ።

አብዶ መጥረቢያ ይዞ ከማሳው ሲሮጥ ደረሰ። የዳማን ማጅራት መታው፣ ኮርማው ዞረበት፣ ደግሞ መታው። ደም የአብዶን ፊት ሸፈነው። ዳማ ተንገዳግዶ ወንዙ ውስጥ ተደፋ። አብዶ ግን አላቆመም፤ እያለቀሰ የሞተውን ይመታ ነበር። እኔ ሻሼን ፈትቼ የአያ ሙህዲንን ሆድ ጠምጥሜ አሰርኩ። አንጀቱ በጣቶቼ መሐል ይሞቀኝ ነበር። ሰው ተሰብስቦ በቃሬዛ አስፋልት አደረሰው፣ ባለፈ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ወደ ደሴ ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት «ሙህዲን መንገድ ላይ ሞተ» የሚል ወሬ ደረሰ። ወንድሙ በድሩ ዘመዶቹን አስከትሎ መጣ። በሩን ገንጥለው አብዶን ጎትተው አወጡት። በዱላ ሲወርዱበት ክንዱ እንደ ደረቅ አገዳ ቀጭ ሲል ሰማሁት። በላዩ ብተኛበት በድንጋይ ግንባሬን ፈነከቱኝ። ሲሄዱ የማሽላ ክምራችን ላይ እሳት ለቀቁ። የዓመት ልፋታችን ሲንቦገቦግ ደም እየጠረግሁ አየሁት።

ቀትር ላይ የአብዶ የአጎት ልጆች ክላሽ ይዘው ግቢውን ሞሉት። «ነገ ሲነጋ ከበድሩ ቤት አንድ ወንድ አይተርፍም» ብለው ማሉ። ጥይት ሲቆጥሩ አየሁ። ደም አስታራቂ አባገር የሆኑት ሼህ አብዱልጀሊል ግን «የሁሉም ልብ ይብረድ፣ ከጁምዓ በኋላ መጥቼ አስታርቃለሁ» ብለው ላኩ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ተስማሙ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ባሌን አየሁት፤ መቼም እሱ ማቆየት ያውቅበታል፣ እሰየው ይላል አልኩ።

አብዶ ተነሳ። «ጁምዓን ማን ያየዋል?» አለ። ክንዱን በነጠላዬ ደረቱ ላይ አሰርኩለትና በማሽላው መሐል ወደ በድሩ ቤት ሄደ። የአጎቱ ልጆች ቢይዙት አልያዝ አለ። «ተመለሽ» ቢለኝም ተከተልኩት።

በድሩ ጠመንጃውን አቀባብሎ ወጣ። «ወንድሜን አስበልተህ በእግርህ መጣህ?» አለው። አብዶ ደጁ ላይ መሬት ቁጭ አለ። «አዎ፣ አስበልቼዋለሁ። ለሰኞ፣ ለሰኞ እያልኩ ያስወጋሁት እኔ ነኝ። የምትገድለኝ ከሆነ ይኸውልህ። የኔ ሰዎች ግን ነገ ሲነጋ ይመጡብሃል። ልጆችህን ዛሬውኑ ከዚህ አውጣ» አለው።

በድሩ ተኮሰ። ጥይቱ ከአብዶ ጉልበት አጠገብ መሬቱን ቆፍሮ አፈሩን ፊታችን ላይ በተነው። ጆሮዬ ጭው አለ። ሁለተኛ ሲያነጣጥር የአያ ሙህዲን ሚስት ዘሃራ ከውስጥ ሮጣ ወጥታ አፈሙዙን በሁለት እጇ አነቀችው። «ሬሳውን አይተሃል? ባሌ ሳይቀበር ለቅሶ በተቀመጥኩበት ደጅ ደም ታፈሳለህ?» ብላ ጮኸችበት። በድሩ ሲጎትተው መዳፏ በብረቱ ተላጠ፣ አልለቀቀችም። በድሩ አብዶን አየው፣ የተንጠለጠለውን ክንዱን አየው። መሣሪያውን ለእሷ ትቶላት ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ያኔውኑ አብዶና በድሩ አብረው ሼህ አብዱልጀሊል ቤት ሄዱ። አብዶ «በድሩን ይዤ መጥቻለሁ፣ ይነሱ» ቢላቸው ሼሁ ደንግጠው ጫማቸውን ሳያጠልቁ ወጡ አሉ። ሲመለሱ መንገድ ላይ ከደሴ የመጣ ሰው አገኛቸው። አያ ሙህዲን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በሕይወት አለ! ያንኑ ማታ ሼሁ አስታረቁ፣ የአጎቱ ልጆችም ክላሻቸውን ይዘው ተበተኑ። ሙሳ፣ ጁምዓን ብንጠብቅ ኖሮ በሕይወት ላለ ሰው ስንቱን በቀበርን ነበር።

ለኢድ አያ ሙህዲን ቤቱ ገባ። አንድ እግሩ ግን አይታጠፍም፤ ከእንግዲህ እርፍ አይጨብጥም። ማሽላውን የኛ ሰዎች ቆርጠው ወቁለት፤ ለበልግም ያርሱለታል። አብዶን በአፉ ይቅር ብሎታል፣ ዓይኑ ግን ገና ነው። አብዶም አያስቸኩለውም፤ ሄዶ አጠገቡ ይቀመጣል። ዓመሉስ በአንድ ጊዜ ለቀቀው አልልህም። ባለፈው ሳምንት የከብት ክትባት ሲጠራ «ነገ እወስዳቸዋለሁ» አለና፣ ራሱ ያለውን ራሱ ሰምቶ፣ የጎረሰውን ሳይውጥ ተነስቶ ወጣ።

ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ያወራሁህ ላንተም ነገር ስላለኝ ነው። ሱዓድን አጭተህ ከሄድክ ወዲህ በየደብዳቤህ «ለሚመጣው ዓመት» ትላለህ። አባቷ ባየኝ ቁጥር ይጠይቀኛል፤ ሌሎችም ሽማግሌ እየላኩ ነው። እሷ አንተን ብላ ሁሉንም መልሳለች። ከፈለግካት ቁርጡን ቀን ጻፍ። ካልፈለግካት ደግሞ ፈርተህ አታቆያት፣ ልቀቃት። ታለቅሳለች፣ ግን ሕይወቷን ትቀጥላለች። ዝምታህ ነው የሚጎዳት።

እናታችን «ዓይኔን አምጡልኝ» ትልሃለች፤ ዓይኗ አንተ ነህ። ታናሽ እህትህ ፋሪዳ ሁለት ጉንጭህን ትስማለች። አክስታችን ዘይና ዱዓ እያደረገችልህ ነው። ዘሃራ እጇ ድኖ ሰላም ብላሃለች። ሙሀመድኑርን ከኛ ሁሉ ሰላም በልልኝ።

አብዶ ናፍቄሃለሁ ይላል። ጅዳ የሚሄድ ሰው ከሚሴ መጥቷል ስለተባለ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ወረቀት እየጠበቀኝ ነው። «ቀሪውን ማታ ልጨርስለት፣ ነገ ትወስደዋለህ» ብለው ግራ እጁን ዘርግቶ «አሁን ስጪኝ» አለኝ።

እህትህ ዘሊካ

ጨፋ፣ ከሚሴ አጠገብ
ጥር 12 ቀን 1992 ዓ.ም.