የጎጆህ አፈር

ይድረስ ለወንድሜ ለእንዳላማው፣ ካለህበት ሁመራ።

ወንድም ጋሻዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱ፣ ወባው፣ የሰሊጡ ሥራ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ፣ እንቅልፍህስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ ደብዳቤ ሲጀመር እንደዚያ ስለሚባል ነው፤ እውነቱን ዝቅ ብለህ ታገኘዋለህ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ስላልጻፍክልን አልቆጣህም። ቁጣውን ለእማዬ ትቼላት ነበር፤ እሷ ደግሞ መቆጣቱን ትታ ዝም ማለት ጀምራለች።

ጎጆህ ወድቋል። ለትዳርህ ብለህ የሠራኸው ጎጆ አምና በዚህ ወር በዶፍ ዝናብ ክዳኑ ቁጭ አለ፣ ግድግዳውም ተከተለው። አባባም ልጁ ሲመጣ ራሱ ያነሣዋል ብለው እንደወደቀ ተዉት። ሰንበሌጡም ጭቃውም እዚያው ሲበሰብስ ከረመ።

ዘንድሮ አባባ ከይጁቤ ገበያ ጎመን መግዛት ሰልችቷቸው የጓሮ አትክልት ካልተከልን አሉ። የሚመክራቸው ሰው እንደማይወዱ ታውቃለህ። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቀይ አፈር ቆፈሩና፣ ከበረት የወጣ ትኩስ እበት እንደ ገንፎ ከምረው ችግኙን ተከሉበት። ሳምንት ሳይሞላው ጠወለገ። አባባ ቡዳ በላው አሉ። የግብርና ሠራተኛዋ ፀደንያ መጥታ የበላው ቡዳ ሳይሆን እበቱ ነው፣ ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላል፣ ከገለባና ከአመድ ጋር ተከምሮ ወራት መብላላት አለበት አለቻቸው። አባባም በዕድሜ የሚበልጣት በሬ እንዳላቸው ነገሯት። በሬው ቢሰማ ያፍር ነበር።

ሌላ አፈር ፍለጋ ተጀመረ። በወንዙ በኩል ያለው ጥቁር መሬት ውሃ ያቁራል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ጎረቤታችን አያ አንሙት ተጠሩ። እሳቸው አፈር የሚመርጡት በምላሳቸው ነው። ከየቦታው እየቆነጠሩ፣ ወጥ እንደሚቀምስ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ቀመሱና ሁሉንም ተፉት። በመጨረሻ ጎጆህ ከወደቀበት ቆነጠሩ። እሱን ዋጡት። ፀደንያም በእጇ ጨበጥ አድርጋ ፍርፍር ሲል አይታ ከዚህ የተሻለ አታገኙም አለች፤ የበሰበሰ ክዳን፣ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ የምድጃህ አመድ፣ በእበት የተለቀለቀ ወለል፣ ሁሉም ተብላልቶ አንድ ሆኗል። ሽማግሌውና ልጅቷ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባይስማሙ ይሻል ነበር። እማዬ ይህን ሰምታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

አባባ ጌሾ እተክልበታለሁ አሉ። እማዬ ከውስጥ ሆና ጌሾ አንዴ ከተተከለ የዕድሜ ልክ ነው፣ ልጄ ሲመጣ ጌሾ ላይ ሊተኛ ነው ወይ አለች። አባባ ዶማቸውን አንሥተው መቆፈር ጀመሩ። ዶማው ጉልቻህን ሲመታ ቆሙ። ሦስቱም እንደነበሩ አሉ፣ ጥላሸታቸው እንኳ አልለቀቀም። አንደኛው ላይ ተቀመጡና አቧራ ዓይኔ ገባ አሉ። ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው፤ አቧራው ከየት እንደመጣ አልጠየቅኳቸውም። እኔም አንዳንዴ አፌን እይዛለሁ።

እማዬ ወጥታ ዶማውን ከእጃቸው ወሰደች። ጌሾው ቀረ። ቶሎ የሚደርስ፣ ቶሎም የሚነቀል ብቻ ይተከል አለች፤ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር። ልጄ የመጣ ቀን ነቅለን ቦታውን እንለቅለታለን አለች። አሁን የጎመኑ ቅጠል የአያ አንሙትን ጆሮ አስንቋል። እማዬ ግን ለእኛ ቀቅላ ታቀርብና እሷ ሽሮዋን ትበላለች። ደጃፉ የነበረበትም አልተቆፈረም። ፀደንያ ይህን የመሰለ አፈር ለምን ጦም ታሳድራላችሁ ብትላት፣ መግቢያው እኮ ነው አለቻት።

ወንድም ጋሻዬ፣ የምትመጣ ከሆነ ጻፍ። የማትመጣም ከሆነ ጻፍ። ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነኝ፣ የቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደማነበው አውቃለሁ። ዝምታህን ግን ለእማዬ እንዴት አድርጌ እንደማነብላት አላውቅም።

እማዬ ዓይንህን ስማሃለች። አያ አንሙት አፈሩ ይጣፍጣል በይልኝ ብለዋል። የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሩፋኤል በጸሎት ስምህን ያነሣሉ፤ ከሕያዋን ጋር መሆኑን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። አባባ ሰላምታ አልላኩም። ጠዋት ጠዋት ግን ማንም ሳይነሣ ከደጃፍህ ላይ አረም ሲነቅሉ አያቸዋለሁ።

እህትህ አርሴማ
ይጁቤ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2001 ዓ.ም.