የሎድሪክን ኬክ ማስጨፈር

መጋቢት 4

ቀኑን ሙሉ የጀልባ ሸራ ስሰፋ ዋልኩ። ወደ ማምሻው ታንቲ ኤሎዲ መጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደ አክስት ታንቲ የሚላቸው የሎድሪክ እናት። ገና ሳይቀመጡ፣ “በሠርጉ ቀን የልጄን ኬክ በትሪ ተሸክመሽ የምታስጨፍሪው አንቺ ነሽ፣ ኢዝሜ” አሉኝ። ከሰፈሩ ሴት ሁሉ እኔን! እሺ አልኩ። ምን ልበል? ሎድሪክ ሊያገባ ነው... ቬርናን፣ ከትሪኒዳድ ያመጣትን።

መጋቢት 5

እሺ ማለቴ አናደደኝ።

መጋቢት 11

ታንቲ ጓዳ ኬክ ስንጋግር ዋልን። ዘቢቡና ፕሪሙ ከገና በፊት ጀምሮ ሩም ውስጥ ተዘፍዝፎ ከርሟል፤ ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ብቻ ያሰክራል። ስኳሩን እስኪጠቁር ማሳረር የኔ ሥራ ነበር። ሎድሪክ ገባ፣ ፀጉሩ ላይ ጀልባ ሲሠራ የያዘው ሰጋቱራ።

“ኢዝሜ፣ ኬኬን እንዳታሳርሪብኝ!”

“ሚስትህ ታሳርርብህ፣ እኔ ምን አገባኝ።”

ሳቀ። ያ ሳቁ... አምና ጀልባው ላይ አሳፍሮኝ ፔቲት ማርቲኒክ ደሴት ስንሻገርም እንዲሁ ነበር የሚስቀው። ቃል ገብቶልኝ ነበር? አልገባም። ታዲያ ቃል እንደተገባላት ሴት ለምን ጠበቅኩ? እዚያው አጠገቤ ቆሞ ናፈቀኝ።

መጋቢት 18

ልምምድ። ሮዚታ የሙሽሪትን ኬክ፣ እኔ የሙሽራውን፤ ትሪዎቹ ላይ ለጊዜው ድንጋይ። የሙሽራው ወገን እየገፋ ነው የሚገባው፣ የሙሽሪት ደግሞ ጎንበስ እያለ ወደ ኋላ። ከበሮው ሲመታ እግሬ ወደ ኋላ ሄደ። ጎንበስም አልኩ!

“ኧረ ይቺን ሴት እዩልኝ!” አለች ሮዚታ። “የሙሽሪትን እኮ ነው የምትጨፍሪው! ማን ሙሽሪት አደረገሽ?”

ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ታንቲ ኤሎዲ ግን አልሳቁም።

መጋቢት 24

ሠርጉ ዛሬ ነበር። ሁለቱ ወገኖች መንገድ ላይ ተገናኘን። የየወገኑ ባንዲራ፣ ቫዮሊኑ፣ ጩኸቱ... እኛ ካፈገፈግን ሎድሪክን ዕድሜ ልኩን “ሚስቱ የምትገዛው” እያሉ ይቀልዱበታል። ላፈገፍግ ነበር። እውነቴን ነው። ይሳቁበት! ይቅመሰው! ቀና ስል አየሁት። እኔንም ኬኩንም አያይም፤ ጥላ ይዞላት ቬርናን ነው የሚያየው። እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳን።

ገፋሁ። ሮዚታ ትሪዋን ይዛ እስክትሸሽ ድረስ ገፋሁ። “ኢዝሜ! ኢዝሜ!” ይላል ሰው። ፊቴ ርሷል፤ ላብ መስሏቸዋል።

መጋቢት 25

ታንቲ ቁራሽ ኬክ በወረቀት ጠቅልለው መጡ። ያላገባች ሴት ትራሷ ሥር አድርጋው ከተኛች የሚያገባትን በሕልሟ ታያለች ይባላል።

“የልምምዱ ቀን ነው የገባኝ፣ ልጄ” አሉ። “ብለውጥሽ ደግሞ ሰው ይነቃብሻል ብዬ...”

“ግድ የለም፣ ታንቲ።”

“እኔስ አንቺን ነበር የተመኘሁት።”

እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ። ከሄዱ በኋላ አለቀስኩ፣ እስኪወጣልኝ።

ትራሴ ሥር አላደረግኩትም። ማንን እንደማልም አውቃለሁ። እዚያው በር ላይ ቁጭ ብዬ በላሁት፣ እስከ ፍርፋሪው። ጥሩ በስሏል።