ጨው ላይ የሚበቅለው

ወዳጄ ይሻው፣ እንዴት ከረምክ?

በግ የምጠብቅበት የባሕር ዳርቻ እንደ ጉና ነው፤ ቁልቁል በወረድክ ቁጥር ተክሉ ይለወጣል። ጉናን መውረድ ቀን ይፈጃል፤ እዚህ ግን መንገዱ ከደጅህ እስከ ምንጩ አይሆንም። ከላይ ረጅም ሣር አለ፣ ከመሃል ግራጫ ቅጠል። ባሕሩ በየቀኑ የሚውጠው ጭቃ ላይ ቅጠል የሌለው ወፍራም ተክል ብቻ ይበቅላል። ቀመስኩት፤ ጨው ጨው ይላል።

«ጨው ተስማምቶት ነው?» ብዬ አሠሪዬን ጠየቅኋት።

«የለም፤ ከላይ ቢሆን ይበልጥ ይለመልም ነበር። ሌሎቹ ቦታ ነስተውት ነው» አለችኝ።

ለወንድሞቼ እንኳ ያልበቃው የአባቴ የገብስ ማሳ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። ልጆችህን ሳምልኝ። እናቴ ለገበያ ደብረ ታቦር ወጥታ ስትጠይቅህ ግን «አገሩ ተስማምቶታል» በላት።

መዝገቡ