ከአማቴ ጋር በበረሃው ተራራ

ጥቅምት 6
ፀጉር ቤቴ ቀዝቅዞ ዋለ። አንድ ፀጉር፣ አንድ ፂም... ከዚያ ዝምታ። ደንበኛ ሲጠፋ ወንበሩ ላይ ራሴ ተቀመጥኩና በመስታወቱ ሆዴን አየሁት። አደገ እንዴ? ፎጣውን ጣል አደረግሁበት። ያላዩት አገር አይናፍቅም።

ራት ላይ ባለቤቴ እንጀራውን ነካ ነካ ብቻ አደረገች። ከፋርማሲ ሥራዋ መጥታ ካልበላች አንድ ነገር አለ።

«አባዬ ደወለ።»

«ደህና ናቸው?»

«እሱ ደህና ነው። ጓደኛው እግሩን ተሰበረ።»

ጓደኛቸው ማለት የሩጫ ጥንዳቸው ነው። አማቴ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል፤ እሳቸው መሮጥ ጀመሩ። በየዓመቱ በረሃው ተራራ ላይ የሦስት ቀን ሩጫ አለ። ሰው በገዛ ፈቃዱ መቶ ኪሎ ሜትር ድንጋይ ለድንጋይ የሚንከራተትበት። በጥንድ ነው የሚገባው፤ አንዱ ካቋረጠ ሌላውም አበቃለት። አማቴ ደጋግመው ሞክረው አንዴም አልጨረሱም። ከዘንድሮ በኋላ ደግሞ ዕድሜያቸው አይፈቅድም።

«ታዲያ ማን ሊሮጥላቸው ነው?» አልኩ እየጎረስኩ።

እያየችኝ ወጥ ጨመረችልኝ። ሁለተኛውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለስኩት።

ጥቅምት 9
አማቴ ቤት ሄድን። ከላይ እስከ ታች አዩኝ... ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው እንደሚያየው። ጎማውን በእግር መታ መታ ማድረግ ነው የቀራቸው።

«ይሄ ነው?» አሉ ለልጃቸው።

«ይሄው ነው አባዬ። ሌላ ባል የለኝም።»

«ያኔ ስመክርሽ ብትሰሚ ይኖርሽ ነበር።»

እዚያው ተቀምጫለሁ እኮ! ሻይ ይዤ!

እሳቸው አማት፣ እኔ አማች። ልዩነታችን አንዲት ፊደል ናት፤ በፊደሏ መሃል ግን ስንት ገደል አለ። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው «እሺ አባባ» ነው። ምነው ምላሴ!

ኅዳር 2
ልምምድ ጀመርን። ጠዋት፣ ወፍ ሳይንጫጫ። ከኋላዬ ናቸው፤ እየነዱኝ። የአውቶቡስ ቋንቋ አልለቀቃቸውም። «ማርሽ ቀይር!» «ዳገት ላይ ነዳጅ አትፍጅ!» ጉልበቴን ይዤ ብቆም፣ «እዚህ ፌርማታ የለም!» መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም... ትንሽ።

ኅዳር 20
ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ወደ ኋላ ነው የወረድኩት። ጎረቤታችን ከታች ሰላም ስትለኝ መዞር ስላልቻልኩ በጀርባዬ እጅ ነሳሁ።

ታኅሣሥ 15
የደንበኛ ጆሮ ልቆርጥ ነበር። መቀስ እንደያዝኩ አንቀላፍቼ! ደንበኛው ሽማግሌ መምህር ናቸው፤ «ተው አንተ፣ ጆሮዬን ተውልኝ፤ የተማሪ ውሸት የምለይበት ነው» አሉ።

ቀበቶዬ ግን ሰፋኝ። ለባለቤቴ አሳየኋት። «ጎበዝ» አለች፤ ያየችው ግን ቀበቶውን አይደለም፣ እኔን ነው። ቆየት አድርጋ... እንዲህ ካየችኝ ስንት ጊዜ ሆነ?

ጥር 18
በረሃው። ድንኳን ውስጥ ነኝ፤ ነገ ይጀመራል። ተራራው አንድ ዛፍ የለበትም። የተላጨ ራስ ይመስላል። እኔ እንኳ እንዲህ አጥርቼ ላጭቼ አላውቅም።

ለየጥንዱ አንዲት መሣሪያ ሰጡን። ቀይ ቁልፍ አላት። ከተጫኗት እርዳታ ይመጣል፤ ሩጫውም እዚያው ያበቃል። አማቴ ከእጄ ነጥቀው የኔው ቦርሳ ሥር ከተቷት፣ ከካልሲ በታች።

«ይቺን ብትነካ ልጄን ትመልሳለህ» አሉ።

«እሷስ መመለስ ትፈልጋለች?»

ሳቅ አመለጣቸው መሰለኝ... ወይስ ሳሉ?

ጥር 19
የመጀመሪያው ቀን አለቀ። እኔም አብሬው ላልቅ ምንም አልቀረኝም። አሸዋው ጫማ ውስጥ ገብቶ ተረከዜ ውሃ ቋጠረ።

«አባባ፣ ከኋላችን ማንም የለም እኮ» አልኩ ከሰዓት በኋላ።

«ፀሐይ አለች። እሷን እየቀደምን ነው።»

ማታ እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው በፋሻ ጠመጠሙልኝ። «እግር እኮ አይደለም፣ ዳቦ ነው» እያሉ። እጃቸው ግን ሲበዛ ለስላሳ። ባለቤቴ እናቷን ያጣችው በልጅነቷ ነው። ፀጉሯን እሳቸው ይጎነጉኑላት እንደነበር ስትነግረኝ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። እነዚያ የመሪ ጣቶች? ዛሬ አመንኩ።

ጥር 20
ሁለተኛውም ቀን አለፈ። ብዙዎች አቋረጡ። ጡንቻቸው የገመድ ቋጠሮ የሚያክል ልጆች! እኛ ግን አለን። ስንሄድ ሰው ገበያ የምንወርድ ይመስለዋል፤ ግን አለን።

ለካ እኔም መጨረስ ፈልጌያለሁ። ለማንም አልናገርም።

ጥር 22
ክሊኒክ። ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

የመጨረሻውን ተራራ አናት ወጣን። ከታች፣ ከሸለቆው ማዶ፣ የማብቂያው ድንኳኖች ነጭ ነጭ ብለው ይታያሉ። የቀረን ቁልቁለት ብቻ ነው። «አባባ፣ ደረስን እኮ!» ብዬ ዘለልኩ።

«ገና ነው» ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። ስድብም የለም። ዞር ስል አለት ተደግፈው ቆመዋል። ላባቸው ደርቋል። ፊታቸው እንደ ጡብ ቀልቷል። ውሃ ስሰጣቸው አልተቀበሉም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዝቅ ብለው፣

«ይቅርታ ጌታዬ፣ አውቶቡሱ ሞልቷል። ቀጣዩን ይጠብቁ» አሉኝ።

ክው አልኩ። አንቱ? እኔን? እንደዚያች ሰዓት ስድባቸው ናፍቆኝ አያውቅም።

ከአለቱ ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። ውሃውን ሁሉ ራሳቸውና አንገታቸው ላይ አፈሰስኩ። በፎጣ አራገብኩላቸው። ቦርሳዬን መሬት ላይ ዘረገፍኩት። መሣሪያዋ ስትወጣ ነቁ። ለአፍታ ዓይናቸው ጠራ። እጄን ያዙኝ። እንዴት ያለ አያያዝ!

«ተው። እዚያ ነው፤ ይታያል እኮ... በናትህ ተው።»

ድንኳኖቹን አየሁ። እሳቸውን አየሁ። ደግፌ ባወርዳቸውስ? ትንሽ ቢያርፉስ? ቁልቁለት እኮ ነው... ሌላ ዓመት የላቸውም። ይሄ ከእጃቸው ከወጣ ወጣ ነው። ግን ቢወድቁብኝስ? ልጃቸውን ምን ብዬ...

ተጫንኩት።

እጄን ለቀቁ። ፊታቸውን ወደ አለቱ አዞሩ። እያለቀሱ ነበር? ውሃው ይሆናል። ውሃው ነው ብዬ ልያዘው።

እርዳታ ሰጪዎቹ እዚህ ክሊኒክ አመጡን፤ ባለቤቴም ደረሰችብን። ዶክተሯ «ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ኩላሊታቸው...» ብላ ንግግሯን አልጨረሰችውም። ባለቤቴ ትከሻዬ ላይ ጨረሰችው። ሸሚዜ ራሰ።

ዛሬ ጠዋት አማቴ ዓይናቸውን ገለጡ። ጣሪያውን እያዩ፣ «ይሄን ሰውዬ ከፊቴ አውጡልኝ» አሉ።

«አባዬ ድኗል!» ብላ ሳቀች ልጃቸው። እኔ ግን ወጣሁ። የምራቸውን ነበር።

የካቲት 14
አሁንም አያናግሩኝም። ስልኩን እኔ ካነሳሁ ይዘጉና እንደገና ይደውላሉ፤ ባለቤቴ እስክታነሳ። ቅር ብሎኛል? አዎ። አጥፍቻለሁ? አላጠፋሁም። ታዲያ ለምንድን ነው የሰው ዕቃ እንደሰበረ ሰው የምሸማቀቀው?

«ጊዜ ስጠው» ትላለች። «የተናደደው በአንተ አይደለም፤ በገላው ነው።» በገላቸው ከተናደዱ ስልኩን ለምን እኔ ላይ ይዘጋሉ?

ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነቃሁ። ጫማዬን አሰርኩ። ወጣሁ። ብቻዬን ሮጥኩ። ምን ነካኝ?

መጋቢት 3
ስሮጥ ከኋላዬ ደወል ሰማሁ። መንገድ ለቀቅሁ። አያልፍም። አሁንም ደወል። ዞር ስል እሳቸው! በብስክሌት! ፊቱ ላይ ቅርጫት ያለው፣ ከጎረቤት ሴትዮ የተዋሱት። ሐኪሟ የከለከለችው ሩጫ ነው፤ ስለ ብስክሌት ያለችው የለም አሉ በኋላ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣

«ክንድህን ምነው እንደ ዶሮ የምታርገበግበው?»

ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ፊት ለፊት እያዩ፣ «ያን ነገር ስትጫን አልፈራህም?»

«በጣም ነው የፈራሁት።»

«እኔን?»

«እርስዎን አባባ። ግን ሞትዎን ይበልጥ ፈራሁ።»

ፔዳሉን ጥቂት ረገጡ። ከዚያ ምንም በሌለበት መንገድ ደወሉን መቱት። የሾፌር ይቅርታ ይሄ ይሆን?

ሚያዝያ 8
ትልቁ ዳገት። መሃል ላይ ብስክሌቱ እምቢ አለ። ይወርዳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ምን ትገተራለህ? ግፋ እንጂ!» ገፋሁ። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል፤ እሳቸው መሪውን ይዘው እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል። አትክልት የያዘች ሴት ቆማ አየችንና፣

«አባትህን ልትሸጣቸው ነው?» አለች።

«ገዢ ከተገኘ።»

«በቀላል አልሸጥም!» አሉ ከላይ።

ትንሽ ሄድን። «ቁም» አሉ። ወረዱ። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደገፉ። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ጉልበታቸውን ሁለቴ መታ መታ አደረጉ።

«ደከመኝ።»

እንዲሁ። ሳይቆጡ፣ በድንጋዩ ሳያሳብቡ። ይሄን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማሁት ዛሬ ነው። ለባለቤቴ ስነግራት «አባዬ? ውሸታም!» አለችኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ውሃዬን አቀበልኳቸው። እኔማ ከእሳቸው በፊት ደክሞኝ ነበር... ግን ቀድሜ ከምናገር ብሞት ይሻለኛል ብዬ ነው የገፋሁት። እሳቸውን እየመሰልኩ ተበላሸሁ መሰለኝ።