አባዬና ባለ አንድ ጥርሱ ፕሬዝዳንት

ማክሰኞ፣ ማርች 4፣ ከሰዓት

ከሥራ፣ ከኮንየርስ ገባሁ። እግሬ የኔ አይደለም። መጋዘኑ ዛሬም ኦቨርታይም። ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ። አባዬ ስልኩን ይዞ ፊቴ ተገተረ። ተነስና አስጠናኝ አለኝ። ደብተርዬ፣ ሰው አጥቶ! ሃይስኩል ያልጨረሰ አስተማሪ።

የሚቀጥለው ሐሙስ የዜግነት ኢንተርቪው አለው። ሁለተኛው። በመጀመሪያው መልሱን እያወቀ ምላሱ ተሳሰረ፣ ወደቀ። አሁንም ከወደቀ ፋይሉ ይዘጋል፣ እንደገና ከሀ። ሲቲዝን ካልሆነ ደግሞ እናቱን ማምጣት አይችልም። አያቴ፣ እማማ፣ ደብረ ብርሃን ብቻዋን ናት። እያረጀች።

ጀመርን። የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ማነው? "ፕሬዝዳንት ጆርጅ።" ሙሉውን በል አልኩት። "ዋሽንግተን አባታቸው ናቸው። አባትየውን ማን ጠየቀኝ?" ተንፈራፍሬ ሳቅሁ። ሰው በአባቱ ስም አይጠራም፣ አለቀ። ሥራ ቦታም ሚስተር ዴቪድ፣ ሚስ ሊንዳ እያለ ነው የሚኖረው።

ሐሙስ፣ ማርች 6፣ ማታ

ላንች ላይ ስለ ፕሬዝዳንት ጆርጅ ስልኬ ላይ አነበብኩ። ጉድ ነው። ሥልጣን ሲይዙ አፋቸው ውስጥ የቀረችው የራሳቸው ጥርስ አንዲት! ሌላው ከዝሆን ጥርስ፣ ከሰው ጥርስ፣ ከብረት የተገጣጠመ። የሰው የተባለው ምናልባት ከባሪያዎቻቸው አፍ ነው ይላል። እዚያ ላይ ሳቄ ቆመ።

ፀጉሩ ደግሞ ዊግ አይደለም፣ የራሳቸው ነው፣ ዱቄት ተነስንሶበት። ቁርሳቸው የበቆሎ ቂጣ በቅቤና በማር። ዘመናቸው ሲያልቅ ደከመኝ፣ እርሻዬ ልግባ ቢሉ አይሆንም ተባሉ። ድጋሚ አራት ዓመት። የኔ ሱፐርቫይዘር ያኔም ነበረ ማለት ነው።

ለአባዬ ነገርኩት። ከንፈሩን መጠጠ። "ምስኪን! በአንድ ጥርስ አገር መሩ?" ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ "በሁዳዴም ቅቤ ይበሉ ነበር?"

ሰይጣኔ ተነሳ። ስማቸው ሲጠራ ብድግ ማለት ግዴታ ነው፣ ኦፊሰሩ እሱን ነው የሚያየው አልኩት። አመነኝ! ብድግ አለ። "እንዲህ?" ትንሽ ጎንበስ በልበት አልኩት።

እሑድ፣ ማርች 9

ቀልዱ ከእጄ ወጣ። አባዬ ኮሌጅ ፓርክ የሚባል ሰፈር እንግዳ ከኤርፖርት የሚያመላልስ የሆቴል ሻትል ነው የሚነዳው። ትናንት ኤርፖርት ቆሞ ሰው ሲያወርድ አንዱ ተሳፋሪ ከኋላ ዋሽንግተን በረራ አለብኝ ሲል ሰማ። ብድግ! አናቱ ከጣሪያው ጋር ተላተመ። እንቁላል የሚያህል እብጠት ይዞ ገባ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ጠፋ። ኦፊሰር ፊት እንዲህ ቢዘልስ? እብድ ነው ይሉታል። አያቴም እዚያው ትቀራለች።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን መስታወት ፊት ብድግ ቁጭ ይላል፣ ደስ ብሎት። እንግሊዝኛው ራሱ ዛሬ ሳይንተባተብ ይፈሳል። ነገ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

አልነገርኩትም። ደክሞኝ ነው። ውሸት። ፈርቼ ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 13፣ ጥዋት፣ መኪና ውስጥ

ቢሮው በር ላይ ፓርክ አደረግኩና ተነፈስኩት። አባዬ፣ ብድግ የሚባል ሕግ የለም፣ ቀልዴን ነው። ከረባቱን ነካካ። ስድቡን ጠበቅኩ። "አንተ ዱርዬ" ብቻ።

ግን እነሳለሁ አለኝ። ልጅ እያለ ት/ቤት ለመምህር ተቀምጦ የሚመልስ የለም፣ ብድግ ብለህ ነው። ባለፈው ቁጭ በል ሲሉት ነው ምላሱ የተሳሰረው። "ቆሜ ነው የሚመጣልኝ። አንተ ስታሾፍብኝ ነው የገባኝ።" በሩን ከፈተ። "ፕሬዝዳንት ጆርጅም ሁለተኛውን ዙር ሳይወዱ ነው የገቡት" ብሎኝ ሄደ።

እየጻፍኩ ጥፍሬን ጨረስኩት። ምነው ቆየ?

ያው ሐሙስ፣ ከሰዓት

አለፈ! አለፈ፣ ደብተርዬ!

ስለ ፕ/ት ጆርጅ አንድ ጥያቄ አልመጣም። አንድም! ያ ሁሉ ጥርስ በከንቱ። የመጣውን ሁሉ ግን ቆሞ መለሰ። ኦፊሰሯ ቁጭ በል ብትለው "ኖ ቲቸር፣ አይ አም ኦኬ" አላት። ቲቸር! ሴትየዋም ሳቀችና ቀጠለች።

መኪና ውስጥ ገባ። ለእማማ አንተ ደውል፣ እኔ ድምፄ አይወጣም አለኝ። ደወልኩ። መቼ ነው የምመጣው አለችኝ ወዲያው። የሚቀጥለው ሳምንት፣ ሻንጣሽን ዝጊ ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርጋት። አላልኳትም። ገና የአባዬ የዜግነት መሐላ አለ፣ ከዚያ ያንቺ ማመልከቻ አለ፣ ይቆያል እማማ፣ ብዙ ይቆያል አልኳት።

"ይቆይ። እኔ የት እሄዳለሁ?" አለች።

አባዬ መስኮቱን እያየ ነው። አናቱን እያሻሸ። እኔም ደክሞኛል፣ እንቅልፌ መጣ። ግን ወስኛለሁ፦ መሐላውን እንደጨረሰ የእማማን ማመልከቻ የምሞላው እኔ ነኝ። ቃል በቃል፣ እውነት እውነቱን።