የመጀመሪያ ምርጫዬ እናንተ ናችሁ

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ባቡሩ ዘግይቶ ክሊኒክ የደረስኩት በሩጫ ነው። ጠዋት አንድ ሕፃን ጣቴን ነከሰኝ... እናቱ በድንጋጤ ይቅርታ ስትለኝ እሱ ይስቃል። ከሰዓት የጥርስ ጽዳት፣ ጽዳት፣ አንድ ነቀላ። የመጨረሻው በሽተኛ ሲወጣ፣ ረዳታቸው ሆኜ የምሠራላቸው ዶክተር ፍቅረ ሥላሴ ማስካቸውን አውልቀው፣ «ሩሐማ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አሉኝ። የበሽተኛው ወንበር ላይ! ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ለኢንተርቪው መጠራቴን ባለፈው ሳምንት ነግሬያቸዋለሁ። ካመለከትኩባቸው የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁሉ አብልጬ የምፈልገው፣ እዚሁ ሲያትል ያለው ነው የጠራኝ።

«ከኢንተርቪው በፊት የፊት ጥርሶችሽን በስስ ነጭ ሽፋን ላልብስልሽ። በነፃ። የኔ ስጦታ ይሁን።»

ከንፈሬን ገጠምኩ።

«የጥርስ ሐኪም ልሁን የምትል ልጅ እንዲህ ያለ ጥርስ ይዛ ስትገባ... ምን ይሉሻል?»

ለክፉ እንዳላሉት አውቃለሁ። እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

የተወለድኩት ወንጂ ነው። እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ የጠጣሁት የጉድጓድ ውሃ ነው። ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የጥርስን መልክ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ያበላሸዋል፤ ሲወጣ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። እማዬም እንደኔው ናት። ሰፈሩ በሙሉ እንደኛው ስለነበር እዚያ ሳለሁ ጥርሴ የተለየ መሆኑን አላውቅም ነበር። ያወቅሁት እዚህ አሜሪካ መጥቼ፣ ቱክዊላ ትምህርት ቤት ስገባ ነው። «አትቦርሺም?» ሲሉኝ።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለእማዬ ነገርኳት። እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

«ተመስገን! የተሰጠሽን አትግፊ፣ ልጄ።»

«እማዬ፣ ጥርሴ ጤነኛ ነው እኮ። ሽፋኑን ለመለጠፍ ደህናውን ጥርስ ይሞርዱታል። አንዴ ከተሞረደ ደግሞ አይመለስም።»

«ሰው የሚያየው ጤናውን ነው እንዴ?»

«እኔ ሐኪም ልሆን ነው። የማየው ጤናውን ነው።»

«አይ አፍ!» አለችኝ። ከዚያ ሳታየኝ፣ «ያኔ ሆቴሉ ስቀጠር ሪሴፕሽን ነበር ያመለከትኩት። ሰውዬው እያናገረኝ አፌን አፌን ያያል። አልጋ አንጣፊ አደረጉኝ። በእንግሊዝኛዬ ይመስልሻል?»

ይህን ሁሉ ዓመት ነግራኝ አታውቅም። እማዬ፣ ውብአየሁ የምትባል ሴት፣ ወንጂ ሳለች በወረዳ ጽሕፈት ቤት ባለጉዳይ ታስተናግድ የነበረች...

ተናደድኩ። በሷ አይደለም። በቃ፣ ይህን ጥርስ ለማንም ብዬ አልሸፍነውም። እልህ ነው? ይሁና። እልህ ነው።

ኦክቶበር 20፣ ሰኞ

ለዶክተር «አመሰግናለሁ፣ ግን ይቅርብኝ» አልኳቸው። «ግትር!» አሉኝ። ከዚያ ምሳቸውን አካፈሉኝ።

ኖቬምበር 7፣ ዓርብ

ኢንተርቪው።

ሁለት ሆነው ነው ያናገሩኝ። ዶክተር ሊንድ የሚባሉ ሽበታም ሴትዮና አንድ ወጣት መምህር። ሴትዮዋ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ጥሩ ሄደ። ወጣቱ ቶሎ ቶሎ ይጽፋል። ቀና ሲል ዓይኑ አፌ ላይ ያርፍና ይሸሻል። መጨረሻ ላይ፣ «ስላንቺ ልናውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ?» አለኝ።

ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ።

«ጥርሴን ልትጠይቁኝ ፈልጋችሁ ከሆነ፣ ጠይቁኝ» አልኩ።

እሱ ቀልቶ ቲማቲም መሰለ። ሴትዮዋ ግን ብዕራቸውን አስቀምጠው ወደኔ ዞሩ። «እሺ፣ ንገሪን።»

እናም ነገርኳቸው። ስለ ወንጂ። ስለ ውሃው። ስለ ሽፋኑና ለምን እምቢ እንዳልኩ። ወጣቱ በመጨረሻ፣ «በሽተኞች ካንቺ ምክር መቀበል ቢከብዳቸውስ?» አለ። በክፋት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

«ክሊኒክ ሁልጊዜ ይገጥመኛል» አልኩት። «ያዩኛል፣ ይጠይቁኛል፣ አስረዳቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ጥርስ ለማሳየት አያፍሩም።»

ሁለቱም ጻፉ። ጥሩ ምልክት ነው? መጥፎ? ባቡር ውስጥ ቁጭ ብዬ ያልኩትን ሁሉ መልሼ መላልሼ ሰማሁት። አበላሸሁት መሰለኝ። ግን አንዱንም ቃል መልሼ መዋጥ አልፈልግም።

ዲሴምበር 15፣ ሰኞ

መልስ የሚመጣበት ቀን። ካመለከትኩባቸው አንዱ ከሆነው የኦሃዮ ትምህርት ቤት ተደወለ... ተቀብለውኛል! እማዬ ጎረቤት እስኪሰማ እልል አለች። ጓደኛዬ ቢልቂስም ካሊፎርኒያ አንድ ቦታ ገብታለች። ኮሌጅ ስንገባ ጀምሮ አብረን አጥንተን፣ አብረን አመልክተን... በስልክ እየተጯጯህን አለቀስን።

ከሲያትሉ ማታ ኢሜይል መጣ። ዌይትሊስት። እምቢ አላሉኝም፤ እሺም አላሉኝም። ቦታ ከተከፈተ እንጠራሻለን ነው።

ለምን ደስታዬ ግማሽ ሆነ? ሐኪም ልሆን ነው እኮ! ከየትም ብማር ሐኪም ነኝ። ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ ነው የተኛሁት።

ዲሴምበር 16፣ ማክሰኞ

ደስታዬ ዛሬም ግማሽ ነው።

ዲሴምበር 18፣ ሐሙስ

ዌይትሊስት ላይ ያለ ሰው መጻፍ ይችላል አሉ። «እናንተን ነው የምፈልገው» ብሎ። ለእማዬ ስነግራት ፊቷ ጠቆረ።

«የተቀበለሽ አለ። ያልከፈተልሽን በር አትደብድቢ። ክብር የለሽም?»

እውነቷን ነው? እኛ ቤት «እፈልጋለሁ» ነውር ነው። ሰው ቤት ሄደሽ፣ ራበሽ ወይ ሲሉሽ አልራበኝም። ብይ ሲሉሽ ጠግቤያለሁ። እስኪያስገድዱሽ፣ በሞቴ እስኪሉሽ ድረስ። አንጀትሽ እየጮኸ። ትምህርት ቤቱ ግን በሞቴ አይለኝም። ዝም ካልኩ ጠግባለች ብሎ ሰሃኑን ያነሳል።

ዶክተር ደግሞ ሌላ ምክር አላቸው። «ጻፊ። የስደት ታሪክሽንም ጨምሪበት። ልባቸው ይነካል።» የምን ስደት? ለእማዬ ዲቪ ደርሷት፣ አውሮፕላን ውስጥ ሁለቴ ዶሮ በልቼ ነው የመጣሁት! ያልተሰደድኩትን ስደት አልጽፍም። ማንም እንዲያለቅስልኝ አልፈልግም።

ዲሴምበር 20፣ ቅዳሜ

ቢልቂስ ጋ ሬኒየር ቫሊ ዋልኩ። የጻፍኩትን አነበብኩላት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ወላሂ፣ ይሄ የቀበሌ ማመልከቻ ነው! ‹በታላቅ ትሕትና፣ ከእግራችሁ ሥር...›»

«እግር አላልኩም!»

«ሊወጣሽ ነበር።»

በእንግሊዝኛ ጽፌም ልመናው አለቀቀኝም። ቀደድኩት።

እሷ ዌይትሊስት ላይ ላስቀመጧት ሦስት ትምህርት ቤቶች ጽፋለች። ለሦስቱም፣ «አንደኛ ምርጫዬ እናንተ ናችሁ» ብላ። ኮፒ አድርጋ፣ ስሙን ብቻ እየቀየረች።

«ከሦስቱ የትኛው ነው እውነቱ?» አልኳት።

«ቀድሞ የጠራኝ።»

«ሦስቱም ቢጠሩሽስ?»

«ያንን ችግር ያምጣልኝ!»

ሳቅን። «አንቺም ለሌሎቹ ላኪ እንጂ። ማን ያውቃል?» አለችኝ። እኔ አውቃለሁ። ለአንድ ወንድ «ካንተ ሌላ የለኝም» ብሎ፣ ያንኑ ለጎረቤቱ መላክ... አይሆንልኝም። በሷ አልፈርድም። እኔ ግን ለአንድ ብቻ ነው የምጽፈው።

ዲሴምበር 21፣ እሑድ

ላክሁት። አጭር ነው። ወደ አማርኛ ልመልሰውና እዚህ ይቀመጥ፦

«የመጀመሪያ ምርጫዬ እናንተ ናችሁ። ይህን ለሌላ ለማንም አልጻፍኩም። ኦሃዮ ተቀብሎኛል፤ ደግ ሰዎች ናቸው። እናንተ ከጠራችሁኝ ግን በዚያው ቀን እመጣለሁ ብዬ እመልስላችኋለሁ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ተማሪዎቻችሁ ትምህርት ቤታችን መጥተው የልጆችን ጥርስ ሲያዩ አንዷ አፌን ከፍታ አየችና፣ ‹ምን ውሃ ጠጥተሽ ነው ያደግሽው?› አለችኝ። ከሷ በፊት ያየኝ ሁሉ የጠየቀኝ አትቦርሺም ወይ ብሎ ነበር። እንደሷ የሚጠይቅ ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። ከከተማችሁ ተራራውን ተሻግሮ ባሉት የእርሻ ከተሞች ብዙ ቤተሰብ ዛሬም የጉድጓድ ውሃ ይጠጣል፤ ተማሪዎቻችሁን ወደዚያ እንደምትልኩ አውቃለሁ። እኔንም ላኩኝ።»

በትሕትና የሚል ቃል የለበትም። እባካችሁም የለበትም። «ላክ» የሚለውን ተጫንኩና ላፕቶፑን ክድን አድርጌ ከክፍሉ ወጣሁ።

ጃንዋሪ 5፣ ሰኞ

መልስ መጣ። «እናመሰግናለን፤ ከፋይልሽ ጋር አያይዘነዋል።» በቃ። ይቺው ናት።

ለኦሃዮ እሺ አልኩ። ቀኑ ሊያልፍ ነበር። ሲያትል ከጠራኝ እለቃለሁ፤ ደንቡ ይፈቅዳል። ካልጠራኝ ለኦሃዮ በረዶ አካፋ እገዛለሁ።

ማርች 3፣ ማክሰኞ

ምንም።

እማዬ፣ «ዝም አሉሽ አይደል?» አለችኝ። አዎ፣ ዝም አሉኝ። ዝም ስላሉኝ ያልኩት ውሸት አይሆንም።

ኤፕሪል 14፣ ማክሰኞ

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ይሄ መምጣቱ! ኦሃዮ ስኮላርሺፕ ሰጠኝ። የትምህርቱን አብዛኛውን ይሸፍናል። ደብዳቤውን ለእማዬ በአማርኛ ስተረጉምላት ሦስቴ አስደገመችኝ። ዶክተር ክሊኒክ ውስጥ አቅፈውኝ፣ «አየሽ፣ የሚፈልግሽ እንዲህ ነው የሚፈልግሽ» አሉ።

ተነካሁ። እውነት ነው። ሳልለምናቸው ሰጡኝ። የኦሃዮ አንዲት ተማሪም ደውላ፣ ክፍል አብረን እንከራይ አለችኝ። ሳቂታ ናት። ወደድኳት።

አሁን ሲያትል ባይጠራኝ ይሻላል? እንዲህ ብዬ አሰብኩ ዛሬ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ካልጠሩኝ መምረጥ የለብኝም... ፈሪ!

ሜይ 28፣ ሐሙስ

ጠሩኝ።

የሕክምና ዕቃ የምንቀቅልበት ክፍል ነበርኩ። የማላውቀው ቁጥር። ዶክተር ሊንድ ራሳቸው።

«ቦታ ተከፍቷል። ዲሴምበር ላይ የጻፍሽው አሁንም እውነት ነው?»

«ስኮላርሺፕ አብሮ አለው?» አልኩ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። እንጠይቅ እንጂ!

«ለጊዜው የለም። ወደፊት ማመልከት ትችያለሽ፤ ቃል ግን አልገባልሽም።»

የመቀቀያው ማሽን ይንጫጫል። ግድግዳውን ተደገፍኩ። ቃል ገብቻለሁ። ግን ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ... ሰው ሁኔታው ተለወጠ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ማንም አይሰቅለውም። ሆዴን ጠየቅሁት። ሆዴ ያው ነው። ከዲሴምበር ወዲህ ንቅንቅ አላለም።

«እውነት ነው» አልኩ። «እመጣለሁ።»

«ኢንተርቪው ላይ አብሮኝ የነበረው ዶክተር በጣም ደስ ይለዋል» አሉኝ። «ለኮሚቴው ስላንቺ ደጋግሞ የተናገረው እሱ ነው።»

ያ ወጣት! እኔ ስንት ወር ሙሉ በሆዴ ስረግመው...

ዶክተር ፍቅረ ሥላሴ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። «ምን አልሻቸው?»

«እመጣለሁ አልኩ።»

«ኦሃዮስ? ያን ሁሉ ጥለሽ? አብደሻል?»

«ዶክተር፣ እርስዎም ይህን ክሊኒክ ሲከፍቱ አብደዋል ተብለዋል። ራስዎ ነዎት የነገሩኝ።»

ጓንት ቀይረው ገቡ። ማታ ስወጣ ግን፣ «እዚህ ከሆንሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ አለሽ፤ አትቅሪ» አሉኝ። ያ ማለት... እሺ ማለት ነው።

ሜይ 29፣ ዓርብ

ከእማዬ ጋር ከባድ ቀን። ትናንት ማታ ስነግራት ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ዛሬ ከሥራ ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ፊቴ ቆመች።

«ለነሱ ብለሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ቃል ገብቻለሁ ብለሽ ነው?»

«እሱም አለ። ግን ለኔ ብዬ ነው፣ እማዬ። ስለምፈልገው።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

«እኔ ሆቴሉ አልጋ አንጣፊ ሲሉኝ እሺ አልኩ» አለች። «ሪሴፕሽኑን ነው የምፈልገው አላልኩም። ብል ኖሮ ምናልባት እምቢ ይሉኝ ነበር። ግን አላልኩም።»

ካፖርቷን አውልቄ ሰቀልኩላት። ብድሩ ያስፈራኛል አልኳት። «እኔንም» አለች። ከዚያ ሁለታችንም ራበንና በላን።

ጁን 1፣ ሰኞ

ኢሜይል በቂ ነበር። ግን ለኦሃዮ ደወልኩ። እንደነሱ ደግ ለሆነ ሰው በአፍ ነው የሚነገረው።

ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምፅዋ የአያት ነው። ስኮላርሺፑን አመሰገንኩ፤ ቦታዬን እንደምለቅ ነገርኳት፤ ለምን እንደሆነም። ትቆጣለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ከመጀመሪያውም እነሱን ነበር የምትፈልጊው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጥሩ አደረግሽ፣ የኔ ማር። ቶሎ ስለነገርሽንም ተባረኪ። እኛም ዌይትሊስት አለን። ዛሬ ከሰዓት ለአንድ ሰው እንደውላለን።»

ዘግቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ፀሐይ ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው... የት ይሆን? አውቶቡስ ውስጥ? ሥራ ላይ፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ? ወይስ ሴት ናት፣ ጠብቃ ጠብቃ ተስፋ የቆረጠች?

ስልኩን አንሺው። አንሳው።

እኔ በገዛ አፌ የጠየቅሁትን ይዣለሁ።