ቡዳ አላልሁም

ጥቅምት ፮
ቅዳሜ። ገብስ አስጥቼ ገበያ ወጣሁ። ጭቃ ሹሙ አስለፈፈ፤ ጋፋት ለንጉሥ ብረት የሚያቀልጡትን፣ ሚስቶቻቸውንም፣ ቡዳ ያለ ይገረፋል። 
የአንዱ ጋፋት ቀጥቃጭ ሚስት፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ከገበያ ስትመለስ እንደ ልማዷ ደጄ አረፈች። ከደጃፍ አታልፍም። ስጽፍ አይታ «እሜቴ፣ ዛሬስ ምን ይላል?» አለች። ባሌ ከሞተ ከእርሷ በቀር ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

ጥቅምት ፲፫
ቡዳ የሚል ጠፋ። በፈንታው «ጋፋቴ» መጣ። ገበያ ላይ የባሌ እህት የሺ የልጇን ፊት ከሸክላ ሠሪዋ ዓይን በነጠላዋ ሸፍና፣ «ጋፋቴ፣ ይኼ እንስራ ያፈሳል?» አለቻት።
«ኧረ አፍሽን!» ብላት፣
«ቡዳ አላልሁም! ጋፋት አገር አይደል እንዴ?»
ገበያው ሳቀ። ሸክላ ሠሪዋም ፈገግ አለች። እንስራውን ግን አልሸጠችላትም።

ጥቅምት ፲፭
ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወድቆ ባገኘሁት የብራና ቁራጭ ላይ «ጠቢብ» የሚል አነበብሁ። ፊደል የለቀምሁትም ከእንዲህ ያለው ነው። ጠቢብ... ጠይብ። ቀጥቃጩን የሚሰድቡበት ቃል ከዚህ የወጣ አይደለምን? ስድቡ ምስጋና ኖሯል! እነግራታለሁ። ደስ ይላታል።

ጥቅምት ፳
ምነው አፌን በቆረጠው።
ገና ሸክሟን ሳታወርድ «ነይ አንቺ ጠቢብ!» አልኋት። ጠይብ ያልኋት መሰላት።
«እሜቴ... አንቱም?»
«ኧረ ጠቢብ ነው ያልሁ! ቃሉ እኮ...»
«የሺም አላልሁም ትላለች።»
ሄደች። ብራናውን ይዤ እስከ ወንዙ ተከተልኋት። ምን ላሳያት? አታነብም።

ጥቅምት ፳፯
አልመጣችም።

ኅዳር ፬
ዛሬም ቀረች። ሰው ልኬ ላስጠራት አሰብሁ። ማን ብዬ? ሸክላ ሠሪዋ?... ስሟን አላውቀውም። ስንት ዓመት ደጄ ተቀምጣ! እኔ ደግሞ አልሰደብኋትም እላለሁ።

ኅዳር ፮
ጋፋት ወረድሁ። ጎጆዋ በር ላይ ጭቃ ታቦካለች። ቀና አላለችም።
«ስምሽን ልጠይቅ ነው የመጣሁ።»
እጇን ከጭቃው ሳታወጣ፣ «ዘነበች» አለች።
ከውስጥ ሽሮ ይንተከተካል። «አይበሉልኝም» አለች። ገብቼ እጄን ታጠብሁ። እያየችኝ በላሁ። ሳህኑን ስገፋው፣
«ድገሚ እንጂ!»
አንቱ ቀረ።

ኅዳር ፲፩
ዘነበች መጣች። ዛሬ ከደጅ አልቀረችም፤ መደቡ ላይ ተቀመጠች። «ምን ይላል?» አለች። «ዘነበች ይላል» አልኋት። እስኪያስላት ሳቀች።
ስሸኛት መንገድ ላይ የሺን አገኘናት። ዘነበች አለፈች። እኔ ቆሜ «እንዴት ዋልሽ፣ የሺ?» አልሁ።
የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነችው። ከእኔ።
ቡዳ አላለችኝም።